ከሰባ በታች ያመጣ አይናገርም

ለቅሶ ቤት ፎርም ይዞ የሚመጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

መምህርቷ አየች። ባሏን በቀበረች በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ፣ ሳሎኗን ለቅሶ ደራሽ ሞልቶት ሳለ፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ጫማውን በር ላይ ሦስት ጊዜ ጠርጎ ገባ። ጥቁር ሱፍ ለብሷል። ፊቱንም እንደ ሱፉ አጥቁሮታል። በብብቱ ሰማያዊ ክላሰር ሸጉጧል።

«እግዜር ያጽናዎት» ብሎ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወጉ የሚጠይቀውን ያህል አንገቱን ደፋ። ሻይ ቀረበለት፤ ሁለቴ ፉት አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገና ክላሰሩን ከፈተ።

«ቅዳሜ በአዳራሹ ለምናደርገው የመታሰቢያ ፕሮግራም ነው። ከባለቤትዎ የቀድሞ ተማሪዎች መካከል መናገር የሚፈልግ ሰው ይህን እንዲሞላ ነው። ከትምህርት ቢሮ ኃላፊው ስለሚገኙ ነገሩ መልክ ይያዝ ብለን ነው።»

መምህርቷ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ አፍንጫዋ አወረደች። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ልጅ ወረቀት ስታርም የኖረች ሴት ናት፤ ወረቀት ከሰጧት ሐዘን ላይም ብትሆን ስህተት ትፈልጋለች። ስም። የተፈተኑበት ዓመት። በመልቀቂያ ፈተና በሂሳብ ያመጡት ውጤት። ከግርጌ ደግሞ በደቃቅ ፊደል፦ «ከሰባ በታች ያመጣ አይናገርም።»

አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውንም አየች፤ ምናልባት ቀልዱ እዚያ ይሆን ብላ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጊዜው አጭር ነው። ሁሉም ይናገር ከተባለ ይነጋብናል። መስፈርት ያስፈልጋል።»

«ለማልቀስ?»

«ለመናገር ነው እንጂ ለማልቀስማ ማን ይከለክላል…»

በዚህ መሐል የሟች ታላቅ እህት የሻይ ፔርሙስ ይዘው ከጓዳ ብቅ አሉ። ሰፈሩ ሁሉ እቴቴ ይላቸዋል። ጆሯቸው ከዓይናቸው ይፈጥናል፤ ምላሳቸው ከሁለቱም።

«ወንድሜ ሞቶም ሊፈተን ነው?» አሉ። «አንተ ልጅ፣ እንደው ገነት በር ላይም ፈታኝ አድርገው የቀጠሩት አንተን ነው?»

«እቴቴ፣ ያሉት አልገባኝም።»

«እኔም ያልከው አልገባኝም። ተካክለናል።»

የዚያን ጊዜ ከወጥ ቤት አንድ ድምፅ መጣ። በር ላይ ለተቀመጡት ሰዎች የሚታየው ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የወጣ ሁለት እግር ብቻ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ዘመድ አዝማድ የቡናና የሻይ አተላ ሲደፋበት የከረመው ቧንቧ ጠዋት ታፍኖ ነበርና አንድ ሰው ሥሩ ገብቶ እየታገለ ነው።

«አርባ አንድ!» አለ እግሩ።

«ማነው?» አለ ዳይሬክተሩ።

«አርባ አንድ ነው ያመጣሁት! በሂሳብ! ጻፈው!»

«ቧንቧ ሠራተኛው ነው» አሉ እቴቴ፣ ሻይ እየጨመሩለት። «ቅዳሜ እንዲናገር ጓደኞቹ የመረጡት።»

ቧንቧ ሠራተኛው እየዳኸ ወጣ። እጁ እስከ ክርኑ ስለጠቆረ ዳይሬክተሩን በክንዱ ጨበጠው። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ ግን የአርባ ሰው ነው። ጓደኞቹ የመረጡትም ለዚሁ ድምፁ ነው።

«በግል እንዳትወስደው ወንድሜ…» አለ ዳይሬክተሩ።

«ምን እወስዳለሁ! አርባ አንድ ለቧንቧ ይበቃል። ይልቅ የቢሮህ ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል? ያ በፈተና ዘጠና ያመጡትን ብቻ የሚቀጥረው ድርጅት የሠራልህ?»

ሳሎኑ ውስጥ ያሉት ለቅሶ ደራሾች ሁሉም በአንድ ጊዜ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ለቅሶ ቤት ሳቅ ሲመጣ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዳይሬክተሩ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ፎርሙን ግን ሃምሳ ቅጂ ትቶ ሄደ።

ባልና ሚስቱ ሠላሳ ሦስት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አርመዋል። እሷ ጂኦግራፊ፣ እሱ ሂሳብ። እሷ በቀይ እስክሪብቶ፣ እሱ በእርሳስ። እሷ የስድሳ ልጅ ወረቀት ጨርሳ፣ ደምራ፣ ደረጃ አውጥታ፣ እጇን ታጥባ ስትመለስ እሱ ሰባተኛው ልጅ ላይ ነው።

«ምነው፣ ወረቀቱ ያናግርሃል እንዴ?»

«ቆይማ። ይህ ልጅ መልሱን ስቷል። ግን አየሽ፣ በአራት መንገድ ሄዶ ነው የሳተው። አንዱ ሲዘጋበት በሌላው ዞሯል።»

«ስለዚህ አራት ጊዜ ሳተ። ዜሮ ስጠውና ራታችንን እንብላ።»

«ዜሮማ ሰጥቼዋለሁ።»

እውነቱን ነው፤ ሰጥቶታል። ሰውየው ለጋስ አራሚ አልነበረም። ለማንም ግማሽ ነጥብ በምሕረት ጨምሮ አያውቅም። ነገር ግን ወረቀቱን ይገለብጥና ከጀርባው በእርሳስ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጽፋል። የዚያን ቀን የጻፈው «ይህ ልጅ አይሰለችም» የሚል ነበር። ልጁ ዛሬ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የተኛው ነው።

«አለመሰልቸት ስንት ነጥብ አለው?» ብላ አሾፈችበት።

«እኔ እንጃ። መለኪያ የለኝም። መለኪያ ስለሌለኝ ነገሩ የለም ልበል?»

«ቁጥር አይዋሽም።»

«አይዋሽም። ማን ዋሸ አለ? ትንሽ ነው እንጂ። በቁልፍ ቀዳዳ ቤት እንደማየት ነው። ያየሽው አልጋ እውነት አልጋ ነው፤ ቤቱ ግን አልጋ ብቻ አይደለም።»

ያለፈ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ወደ እናቱ ይሮጣል። የወደቀ ግን ወረቀቱን ጥሎ ይጠፋል። ስለዚህ ከዓመት ዓመት በሰውየው መሳቢያ የሚጠራቀመው የወዳቂዎች ወረቀት ብቻ ሆነ። መምህርቷ ቤት ባጸዳች ቁጥር «ይህን ሁሉ ውድቀት የት ላድርገው?» እያለች ትጮህበት ነበር። እሱም «ባለቤቶቹ ሲመጡ ይወስዱታል» ይላታል። ማንም መጥቶ አያውቅም።

በአራተኛው ቀን የወንበር ነገር መጣ።

ለለቅሶው ስድሳ የፕላስቲክ ወንበር ያመጣው የሰፈሩ ደላላ ነው። እሱም ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር አብሮ የተፈተነ ነው። ከቀትር በኋላ፣ ግቢው ጢም ብሎ ሳለ፣ አንድ የጭነት መኪና በር ላይ ቆመና ሁለት ወዛደሮች ወረዱ። ከማንም ጋር አልተጣሉም። በጣም ጨዋዎች ነበሩ። ከመጀመሪያው ረድፍ ጀመሩ።

«ነፍስ ይማር እናቴ… ይነሱልኝ። እግዜር ያጽናችሁ አባቴ… ትንሽ ከፍ ይበሉልኝ።»

ለቅሶ ደራሽ ተነሡ ሲባል ይነሣል፤ ምናልባት ጸሎት ይሆናል ብሎ። ነገሩ የገባቸው አርባ ወንበር መኪናው ላይ ከተጫነ በኋላ ነው። ለካ ደላላው ያንኑ ስድሳ ወንበር ከጀርባ መንገድ ላለ ሰርግም አከራይቶት ኖሯል።

ከቆሙት ሰዎች መሐል አንዲት ነጭ ጋዋኗን በክንዷ ላይ ጣል ያደረገች ሐኪም ነበረች። ከሆስፒታል በቀጥታ መምጣቷ ነው። ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት ሂሳብን በዘጠና ሰባት ያለፈች ናት። የሻይ ብርጭቆዋን እንደያዘች ግራና ቀኝ አየችና «ዘጠና ሰባት አምጥቼ ለእኔም ወንበር የለም?» አለች። እቴቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ወደ ጓዳ ሮጡ።

ደላላው ላቡ እየተንጠፈጠፈ ደረሰ።

«ቲቸር፣ በሞቴ ይስሙኝ። ሰርጉ የሚጀምረው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ለቅሶ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይሳሳል። አስልቼው ነው እኮ!»

«በሂሳብ ስንት ነበር ያመጣኸው?» አለች መምህርቷ።

«ሠላሳ ስድስት።»

«በዝቶብሃል!»

አለችና ሳቋ አመለጣት። ባሏ ከሞተ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። ደንግጣ ወዲያው ዋጠችው፤ ሰው አየኝ አላየኝ ብላም ተገላመጠች። ቀና ብለው ያዩ ሁሉ አይተዋል፤ ደስ ብሏቸዋል።

ይህን ታሪክ ሲነግሯችሁ ወዳቂዎቹ ሁሉ ቅን፣ አላፊዎቹ ሁሉ ክፉ ናቸው የሚሏችሁ ሰዎች ካሉ አትመኗቸው። ደላላው ቀጣፊ ነው። ሰውየውም ያውቀው ነበር። ከወረቀቱ ጀርባ የጻፈለት እንዲህ የሚል ነው፦ «ይህ ልጅ ለሁለት ሰው ቃል ይገባል። ከዚያ ለሁለቱም ለመድረስ ሲሮጥ ይኖራል።» እንደተባለውም ሮጠ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንዳወጣቸው እስከ ዛሬ ያልታወቀ ባለ ጎማ የቢሮ ወንበሮች እየገፋ መጣ። የሟች አጎት፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት፣ አንዱ ላይ ተቀምጠው ሐዘንተኛዋን ሊያጽናኑ ጎንበስ ባሉ ቁጥር ወንበሩ ወደ ኋላ ይዟቸው ይሄዳል። «አይዞሽ ልጄ…» ይላሉ፤ ድምፃቸው ከግድግዳው ጥግ ይሰማል። በመጨረሻ ቧንቧ ሠራተኛው ከወንበሩ ጀርባ ቆሞ ያዘላቸው።

ሰው ሲቀንስ ሐኪሟ ከመምህርቷ ጎን ተቀመጠች።

«ቲቸር፣ ስለ ጋሼ አንድ ነገር ልንገርዎት። አንድ ጊዜ የክፍል ፈተና መቶ ከመቶ አመጣሁ። ጠራኝ። ሊያመሰግነኝ ነው ብዬ ሄድኩ። ‹እስቲ የማታውቂውን አንድ ነገር ንገሪኝ› አለኝ። አጣሁ። አለቀስኩ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ስማር እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አሁን ሆስፒታል ውስጥ ‹አላውቅም፣ ቆይ ሌላ ሰው ልጠይቅ› የምል እኔ ብቻ ነኝ። ይስቁብኛል። በሽተኞቼ ግን…» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ይኸው ቅዳሜ ተናገሪ ብለው መርጠውኛል። ሁለት ደቂቃ። የምናገረውንም ጽፈው ልከውልኛል።»

ከቦርሳዋ የታተመውን ፕሮግራም አወጣች። ፎቶግራፉ ያምራል። ከሥሩ የሕይወት ታሪኩ አለ። መምህርቷ መነጽሯን አወረደች። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ አገለገሉ። ከዚያ፦ «የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት፣ ባደረባቸው ድካም ምክንያት በራሳቸው ጥያቄ ወደ ዕቃ ክፍል ተዛውረው ሠርተዋል።»

እጇ ቀዩን እስክሪብቶ ፍለጋ ጠረጴዛው ላይ ዳበሰ።

በራሱ ጥያቄ!

ከአምስት ዓመት በፊት ዳይሬክተሩ የሙከራ ፈተናውን ውጤት አይቶ የዐሥራ አንድ ልጆች ስም የሰፈረበት ዝርዝር ይዞ ወደ ሰውየው ሄደ። «እነዚህ በትምህርት ቤቱ ስም አይመዝገቡ። ከፈለጉ በግል ይፈተኑ። አማካያችንን ይጎትቱታል» አለው። አያችሁ ነገሩን? ልጁን ዐሥራ ሁለት ዓመት አስተምረህ፣ ፈተናው ሲደርስ አላውቀውም ትላለህ። ከዚያ በሩ ላይ «ዘንድሮም መቶ በመቶ አሳለፍን» የሚል ጨርቅ ትሰቅላለህ። ይህ ማስተማር ከሆነ፣ በሽተኛውን በር ላይ እየመለሰ «እኛ ጋ ሰው አይሞትም» የሚል ሆስፒታልም ማዳን ነው።

ሰውየው አልተከራከረም። የምዝገባውን ቅጽ ወስዶ የዐሥራ አንዱንም ስም በገዛ እጁ ሞላና አስገባው። ከዐሥራ አንዱ አራቱ አለፉ። ሰባቱ ወደቁ። ቧንቧ ሠራተኛውና ደላላው ከወደቁት ናቸው። ትምህርት ቤቱም ከከተማው አንደኛነት ወደ ስድስተኛ ወረደ።

«ሰባቱ እንደሚወድቁ አታውቅም ነበር?» አለችው ያኔ።

«ስድስቱን ዐውቅ ነበር። አንዱ አሳፈረኝ።»

«ታዲያ?»

«ካለፉት አራት የጠበቅሁት ሁለቱን ነበር። ሌሎቹን ሁለት ማን ዐውቋቸው? ልጆቹም ራሳቸውን አላወቁ።»

በሳምንቱ የመምህራን ስብሰባ ተጠራ። ዳይሬክተሩ ደብዳቤ አነበበ። የሂሳብ መምህሩ ለትምህርት ጥራት ሲባል ከማስተማር ተነሥቶ በዕቃ ክፍል እንዲሠራ ተመድቧል። ከዚያ ቀና ብሎ «ተቃውሞ ያለው እጁን ያውጣ» አለ።

መምህርቷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ሁለቱም እጆቿ ጉልበቷ ላይ ነበሩ። ጡረታ አስባለች። ደሞዝ አስባለች። እንዲያውም በልቧ አንድ ጥግ፣ ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም፣ «ነግሬው ነበር፣ ቁጥር አይዋሽም» ብላለች። እጆቿ እዚያው ቀሩ። ባሏ ከፊት ለፊቷ አንገቱን ወደ መስኮት አዙሮ ተቀምጦ ነበር። አላያትም። ወይም እንዳያያት ብሎ ነው የዞረው።

ማታ ቤት ሲገባ «ዛሬ ስልሳ አራት መጥረጊያ ቆጠርኩ» አላት። «ከስልሳ አራቱ ሃያው ራስ የለውም። ከመምህራኑ የተሻለ አማካይ ነው።» ሳቀ። እሷም ሳቀች። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳን «ለምን እጅሽን አላወጣሽም?» አላላትም። ምነው ባላት! ሰው በንዴት ሲመጣብህ መመከቻ አለህ። ዝም ላለህ ሰው ግን መመከቻ የለም።

በስድስተኛው ቀን መሳቢያውን ከፈተችው። ያሰበችው የደብዳቤውን ቅጂ ማግኘት ነበር። ቅጂው የለም፤ ሰውየው ጥሎታል። ያለው ወረቀት ብቻ ነው፤ የሠላሳ ሦስት ዓመት ውድቀት። እቴቴ ከጎኗ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ እያነሡ ያነባሉ።

«‹ይህች ልጅ የጎረቤቷን መልስ ስታይ ጎረቤቷንም ታጽናናለች።› ሂሂ። ‹ይህ ልጅ ጥያቄውን አልመለሰም፤ ግን ጥያቄው ላይ ስህተት አገኘ።› አዬ ወንድሜ… ቆይ ቆይ። ይህ ስም የማን ነው?»

መምህርቷ ተቀብላ አየችው። ወረቀቱ የሃያ ሦስት ዓመት ዕድሜ አለው፤ ቢጫ ሆኗል። ስሙ የዳይሬክተሩ ነው። ውጤቱ ሠላሳ አንድ።

እቴቴ እልል ሊሉ ነበር፤ ሐዘን መሆኑ ትዝ ብሏቸው አፋቸውን ያዙ።

«ሠላሳ አንድ! ከቧንቧ ሠራተኛው እንኳን ዐሥር ያንሳል!»

«ያኔ ነው። በዓመቱ መልቀቂያውን ተፈትኖ ሰባ ሁለት አምጥቶ አልፏል።»

«ለዚህ ነዋ መስፈርቱ ሰባ የሆነው! ከራሱ እግር ሥር አጥሩን ሠራ! እህ፣ ያኔስ ሳይባረር ማን አስቀረው?»

«ወንድምሽ ነዋ። የያኔው ዳይሬክተርም ሊያባርረው ፈልጎ ነበር። አይሆንም አለ።»

እቴቴ ጉልበታቸውን መቱና «ነገ!» አሉ። «ማይክሮፎኑን ያዢና ‹ሠላሳ አንድ› በይው! በኃላፊው ፊት! አፈር ይብላ!»

መምህርቷ ወረቀቱን በእጇ ይዛ ቆየች። ደስ አላት፤ ለምን ትዋሻለች? ሠላሳ አንድ የሚለውን ቃል በአዳራሹ ውስጥ በአሳቧ ሦስት ጊዜ አለችው፤ ሦስቴም ጣፈጣት። በአራተኛው ግን ቃሉ በእሷ አፍ ውስጥ የዳይሬክተሩን ድምፅ አወጣ። ሰውን በውጤቱ ጠርታ ልታዋርድ ነው እኮ። ከፎርሙ በምን ተሻለች?

ወረቀቱን ገለበጠችው። በእርሳስ የተጻፈው ሊጠፋ ደርሷል፤ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች።

«ይህ ልጅ ለብቻው ሲጠይቁት ይዋሻል። በሰው ፊት ሲጠይቁት ግን እውነቱን ይናገራል። ስለዚህ በሰው ፊት ጠይቁት።»

የክፍሉ መስኮት መስታወት የተሰበረ ጊዜ ነው። ትዝ አላት። ልጁን ቢሮ ጠርተው ቢጠይቁት በእናቱ ምሎ ካደ። ሰውየው ክፍል ውስጥ፣ በስድሳ ልጅ ፊት፣ ሳይቆጣ «ማነው የሰበረው?» ሲል ግን ራሱ ብድግ ብሎ «እኔ ነኝ» አለ። ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ። ሰውየው ይህን ያየ ጊዜ ልጁን ቀጣው፤ ወረቀቱ ላይም ጻፈለት። ሂሳብ ያልነበረበት ነገር ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ማንም አላነበበውም።

«እህ፣ ትዪዋለሽ?» አሉ እቴቴ።

«አልልም» አለች መምህርቷ። ወረቀቱን ወደ መሳቢያው መለሰች። «እጠይቀዋለሁ።»

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። የትምህርት ቢሮው ኃላፊ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ሰባና ከሰባ በላይ ያመጡት በመሐል፣ ስም በተጻፈበት መቀመጫ ላይ። ዐሥራ አንዱ ኋላ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ቧንቧ ሠራተኛው ካኔተራውን አስተኩሷል፤ እጁን እስኪቀላ ፈትጎታል። መምህርቷና እቴቴ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ናቸው።

ዳይሬክተሩ የሕይወት ታሪኩን ማንበብ ጀመረ። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ አገለገሉ። «…ባደረባቸው ድካም ምክንያት በራሳቸው ጥያቄ…»

መምህርቷ ተነሣች።

«ጥያቄ አለኝ።»

«በፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ ለቤተሰብ…»

«አሁን ነው።»

ማይክሮፎን አላስፈለጋትም። ሠላሳ አራት ዓመት ስድሳ ስድሳ ልጅ ዝም ያሰኘ ጉሮሮ አላት። እቴቴ ቀሚሷን ጎተት አድርገው በሹክሹክታ «ሠላሳ አንዱን! ሠላሳ አንዱን!» አሉ። ሹክሹክታቸው ሦስተኛ ረድፍ ድረስ ይሰማል።

«ዝም በይ እቴቴ» አለች። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«በመጀመሪያ የራሴን ልመልስ። ከአምስት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ግቢ፣ ባሌን ከማስተማር ያነሣው ደብዳቤ ሲነበብ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ተቃውሞ ያለው እጁን ያውጣ ተባለ። አላወጣሁም። ፈራሁ። ቤት ሄጄም አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝ። ይህ የእኔ ነው፤ ማንም አልጻፈልኝም።» ጣቷን ወደ በሩ ቀሰረች። «ባሌ በራሱ ጥያቄ ዕቃ ክፍል አልገባም። እነዚያን፣ በሩ ላይ የቆሙትን ዐሥራ አንድ ልጆች አልሰርዝም ስላለ ነው የገባው።» ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። «አሁን ያንተ ተራ ነው።»

ኃላፊው ወደ መድረኩ አንገቱን አሰገገ። «ምንድን ነው ነገሩ?»

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አየ። ኃላፊውን አየ። በሩ አጠገብ የቆሙትን አየ። ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መምህርቷ ያንን ከንፈር ዐወቀችው። ሃያ ሦስት ዓመት ጠጉሩን አሳስቶታል፤ ከንፈሩን ግን አልነካውም። በደህና ቀን ቢሆን «ፍጠን!» ትለው ነበር። እሷ ማንንም ጠብቃ የማታውቅ መምህር ናት። ዛሬ ግን ጊዜ ልትሰጠው አሰበች።

ተቀመጠች። ስትቀመጥም ሳታስበው ከእቴቴ ራቅ አለች፤ በመሐላቸው እንደ ባሏ ደንዳና ትከሻ ላለው፣ ሁልጊዜ አርፍዶ ለሚመጣ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀች። እቴቴ አዩ። ባዶው ቦታ ላይ አስቀምጠውት የነበረውን የእጅ ቦርሳቸውን በዝግታ አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«ደብዳቤውን የፈረመው ማነው?» አለች መምህርቷ፣ ከተቀመጠችበት። «ለእኔ አይደለም። ለእነሱ፣ በሩ ላይ ላሉት። ድምፅህን ከፍ አድርገህ መልስ።»